ቅብ

ጎልዌይ ላይ ዝናብ ነው። መስኮት ይደበድባል።
ኔሳ ግን አትሰማም፤ እሷ ካለችበት
አቧራ አይገባም፣ ፀጉር አይወድቅበት፣
ትንፋሽ እንኳ ሲወጣ በወንፊት ያልፋል።

ከአጉሊ መነጽሯ ሥር አንድ ሽቦ ተኝቷል፦
ከዓሣ አጥንት የቀጠነ፣ እንደ መረብ የተሸመነ፣
ነገ የማታውቀው ሰው ደም ሥር ውስጥ ገብቶ
ጠባቡን አስፍቶ
ሊኖር የታጨ።

ብረት ግን ባዕድ ነው። ደም ባዕድ ያውቃል።
ያየው እንደሆነ ይረጋል፣ ይከባል፣
በላዩ ይጋገራል፤
በር ከፋች የተባለው በር ዘጊ ይሆናል።

ስለዚህ ትቀባዋለች፦
ከመርፌ አፍ እንደ ጉም የሚረጭ ፖሊመር፣
የፀጉር ዘለላ አንድ አሥረኛ የማይሞላ፣
መድኃኒት በጀርባው አዝሎ
ሥጋን ቀስ ብሎ
የሚያባብል፦ «ዘመድ ነኝ፣ አትፍራ።»

አንዲት አረፋ፣ አንዲት ስንጥቅ ካየች
«ውድቅ» ብላ ትጽፋለች፤
የማን ልብ ይጠብቀው እንደነበር አትጠይቅም።

በኛ አፍ ቅብ ማለት ማስመሰል ነው፣ ስድብ ነው፦
«ወርቅ ነው ሲሉኝ፣ ለካ ቅብ ነው።»
ግን ንጉሥም ይቀባል፣ በሽተኛም ይቀባል።
ኔሳ ይህን አታውቅም፤ የሷ ቋንቋ ሌላ ነው።

አባቷ ኮልማን ሰማንያ ሊደፍን ሁለት ዓመት ቀረው።
ሮሳቪል ወደብ ላይ ዕድሜውን በሙሉ
የብረት ጀልባ ሆድ ሲቀባ ኖረ፣
ዛጎል እንዳይለጠፍ፣ ጨው እንዳይበላው።
ከጥፍሩ ሥር ቀዩ ቀለም ዛሬም አልለቀቀም።
«አንቺ ግን ምን ትሠሪያለሽ?» ይላታል በየእሑዱ፤
ገና ስትጀምርለት እንቅልፍ ይወስደዋል።

አንድ እሑድ ከካልሲዋ አንድ ውድቅ አወጣች
(በሕይወቷ የሰረቀችው እሱን ብቻ ነው)፣
መዳፉ ላይ አኖረችለት።
ኮልማን መነጽሩን ፈለገ፣ አጣው፤ ግንባሩ ላይ ነበር።
ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ ወደ ግራጫው ባሕር፣
ብዙ ዝም አለ።

«ደምም ጨው አለው አይደል?»
«አለው።»
«የሚለጠፍም አለ?»
«አለ፣ አባዬ።»
«እንግዲያ የኔው ሥራ ነው፤ ጀልባሽ አነሰች እንጂ።
ቀለሙ ስንት ዓመት ይቆያል?»

ስድስት ወር፣ አለችው፤ ቢበዛ ዓመት።
ከዚያ ሟሙቶ ያልቃል፤ እንዲያልቅ ነው የተሠራው።
እስከዚያ ሥጋ ራሱ አድጎ
ብረቱን ያለብሰዋል፣ የራሱን ቅብ ይቀባዋል።

ሽማግሌው ሳቀ። ዕድሜውን ሙሉ የታገለው
ቀለም እንዳያልቅ ነበርና።
ከዚያ ሽቦዋን ወደ አፉ አስጠግቶ
ቀስ ብሎ እፍ አለባት፣
ቀለሟ ገና ያልደረቀ ይመስል።