የዝውውር ቅጽ

የትርንጎ የዝውውር ቅጽ ሦስት ባዶ መስመር አለው፤
«የሚመርጡት ቦታ» ይላል። እሱ ወር ሞላው፣ እኛ ሳንሞላው።
ድል ጮራ ሌሊቱን ቆማ፣ ቀን ልትተኛ ስትመጣ፣
ከአጥሩ ማዶ የብረት ቤቱ መፍጫ ጩኸቱን ሲያወጣ፣
ባጃጁ ደጃችን ቆሞ ጡሩንባውን ሲያምባርቅ፣
ከሠርጉ ድንኳን «ሄሎ፣ ሄሎ»፣ እሷ ትራሷን ስታጠብቅ...
«ጸጥ ያለ ከተማ» አለችኝ፣ ዓይኗ ቀልቶ እንደ ሚጥሚጣ፤
«ትንሽ ይሁን፣ ብርድ ይሁን፤ ብቻ በቀን እንቅልፍ ይምጣ።»

እሑድ እሑድ ሚኒባስ ላይ፣ ሶፎንያስን በጭን ይዘን፣
አባባ ላቀውን መስኮት ጥግ፣ ነፋስ እንዲያገኝ አስቀምጠን፣
የደንገጎን ጠመዝማዛ ሽቅብ ስንወጣ ከረምን።

አባባ አይሰማም።
ሠላሳ ዓመት በባቡሩ ጋራዥ፣
ቦይለር ሆድ ውስጥ ገብቶ ሲቀጠቅጥ ኖረ፤
ጆሮውን እዚያው ትቶ ወጣ።
ጡረታ ሲወጣ የሸለሙት
የደወል ሰዓት ነበረ።

«ወዴት ነው የምንሄደው?» ይላል።
ሶፎንያስ መዳፉ ላይ በጣቱ ይጽፍለታል፦
ጸ፣ ጥ፣ ታ።
አባባ ሳቀ። «ለዚህ ነው ይህ ሁሉ ዳገት?
እሱስ እኔ ጋ ሞልቶ ነበር፤ ምናለ ብትጠይቁኝ ቤት?»

ቁልቢን አየን። በአዘቦት ቀን ዝምታዋ ልብ ያረካል፤
ትርንጎ ግን በጣቷ ቆጠረች፤ «ታኅሣሥ ሲመጣ ማን ይችላል?»
ሐረማያ ደላላው ሐይቁ ዳር አቆመን፤
ሄዶ ነበር፣ ተመለሰ፤ «እንደ ሰው ነው፣ ያኮርፋል» አለን፣
ጉንጩን በጫት ወጥሮ።
ቤቱ ደህና ነበር፤ ኪራዩም።
«ውሃው ባኮረፈ ቀን» አለች ትርንጎ፣
«በምን እጄን ታጥቤ ነው ሰው የምነካው?»
ኤረር ደግሞ ገና ስሟን ስናነሳ አላበን፤
ከድሬ ሸሽቶ ወደ ድሬ?

ቀርሳ በአራተኛው እሑድ። የገበያ ቀን አልነበረም።
ድንች የጫነ አንድ አይሱዙ፣ ሁለት አህያ፣ ሌላ የለም።
አዴ ሚስኪ የቆርቆሮውን በር በትከሻዋ ገፋ አድርጋ
«ባጋ ነጋን ዱፍተን» አለችን፤ ቁልፉ በሻሿ ጫፍ ተቋጥሮ።
ሁለት ክፍል፣ የሲሚንቶ ወለል፣ ከጓሮ የካሮት መደብ።
ትርንጎ መሐል ክፍሉ ላይ ቆማ
ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች።
ምንም።
ከዚያ አንድ ዶሮ።
ከዚያ ደግሞ ምንም።
ፈገግ ልትል ከንፈሯ ሲጀምር
ከግድግዳው ማዶ፣ ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ፣
የናፍጣ ወፍጮ ተነሣ።

«እንሂድ» አለች። ቦርሳዋን አነሣች።
አባባ ግን አልተነሣም።
ከዘራውን ጥሎ፣ ጫማውን አውልቆ፣
ባዶ እግሩን ወለሉ ላይ አሳርፎ፣
መዳፉን ግድግዳው ላይ ለጥፎ
እንደ ታማሚ ልብ ያዳምጠዋል።
«ማነው ይሄን ሞተር የሚይዘው?
ሦስተኛው ምት ላይ ያነክሳል።
ቫልቩ ነው። ላስተካክለው እችላለሁ።»

ለካ ድሬ ቤታችን፣ ባቡሩ ከቆመ ወዲህ፣
ሌት ሌት ግድግዳ ሲዳብስ፣
አርጅቶ ነው ስንል የኖርነው፣
ባቡሩን ሲፈልግ ነው።

ትርንጎ ብዙ ቆመች።
በኋላ ወደ አዴ ሚስኪ ዞራ
ወፍጮው ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ጠየቀች።
«እስከ ስድስት ሰዓት ነው» አለች ሴትዮዋ፣ «ከገበያ ቀን በቀር።
ሞተሩ ሲታመም ደግሞ እስከ አራት።»
«አሁን ሊድን ነው» አልኩ፤ የሳቀልኝ የለም።

ቅጹን ያን ማታ ሞላነው።
በመጀመሪያው መስመር ቀርሳ፤
በቀሩት ሁለቱ ላይ ሶፎንያስ፣ ሳናየው፣
ጭስ ያለው ባቡር ስሎበታል።
«ምክንያት» በሚለው ፊት ለፊት
ትርንጎ እስክሪብቶውን ነክሳ ነክሳ
«ጸጥታ» ብላ ጻፈች።

በነጋታው ከሥራ ስትመለስ
በጋዋኗ ኪስ አንድ ጥቅል ጥጥ ነበረ።
ለቁስል አይደለም።