ከኋላ የሚገለጥ ደብተር

ደብተሬ አንድ ነው፤ መቶ ቅጠል ያለው፣
ጠርዙን የደረቀ የዓሣ ቅርፊት ያለበሰው።
ከፊት ሲገለጥ፣ የአሞራ ገደል ዱቤ፤
ከኋላ ሲገለጥ፣ የማታዬ፣ የልቤ።
ለሁለት ደብተር የሚበቃ ብር ቢያጥረኝ፣
"ጌታ ሆይ፣ ከአምባዛው ጎን ተቀመጥልኝ"
ብዬ ጀመርኩት።

ቀን ቀን እጽፋለሁ፦ "ሎንሳሞ። ቆሮሶ፣
ዘጠኝ ኪሎ። ከመረቡ ዕዳ ተቀንሶ
ቀሪ፣ ስድስት መቶ።"
ማታ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ልጆች አስተኝቼ፣
ደብተሩን ገልብጬ፣ ስልኬን አብርቼ፣
"ጌታ ሆይ" እላለሁ። እጄ ዓሣ ይሸታል፤
እስክሪብቶው ከጣቴ ሾልኮ ይወድቃል።

እህት ፋናዬ ናት ይህን ያስጀመረችን፣
ከታቦር ግርጌ፣ በሴቶች ጸሎት ላይ ስትመክረን፦
"ቃሉን ካነበባችሁ፣ ልባችሁን ጻፉ፤
እሱ ሰዋስው አያርምም፤ ብቻ አትቅጠፉ።"

እኔ ግን ቀጠፍኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ
በሰባኪ ድምፅ ነው ገጾቼ የሚያወሩት ሁሉ፦
"አቤቱ፣ የበረሃ ጥሜ፣ የምድረ በዳ ምንጬ"
እያልኩ ጻፍኩ፣ ሐይቅ ዳር ተቀምጬ!
የታለ አባ ኮዳው፣ አንጀት ሲጠብቅ የሚውለው?
የታለ የባጃጁ ዕቁብ፣ ያለቀስኩለት፣ የከፈልኩት ስንት ነው?
የታለ የእማዬ ጉልበት፣
የታለ ከአማቴ ጋር የተኳረፍንበት?
ያ ሁሉ ቀን አልፎ አንዲት ቃል ብቻ በዝታ፦
"ደግፈኝ" ትላለች፤ "ደግፈኝ፣ ጌታ።"

እሑድ "ዕዳው ተሰረዘ" ሲባል እልል ያልኩት፣
ሰኞ የሰው ዕዳ በእስክሪብቶ ያደመቅኩት፣
እኔው ነኝ፤ በአንድ እጅ፣ በአንድ ደብተር።

በነሐሴ መጨረሻ ቅጠሉ አለቀ።
ዱቤው ከወዲያ፣ ጸሎቱ ከወዲህ እየዘለቀ
መሐል ላይ፣ ሽቦው ላይ፣ ፊት ለፊት ገጠሙ፤
አንዱ ተገልብጦ፣ አንዱ ቀንቶ ቆሙ።
በቀኝ ያለው፦ "ሎንሳሞ፣ ዘጠኝ ኪሎ"፤
በግራ፦ "ደግፈኝ"፣ ቁልቁል ተንጠልጥሎ፣
ከሚዛን እንደተሰቀለ ዓሣ።

ያን ቀን ግን አሥራ አንድ ነበር።
ሚዛኑ ሲወርድ፣ ከሥር፣ በአንድ ጣቴ
ሳህኑን ደገፍኩት።
በቀስታ። የሕፃን አንገት እንደሚደገፍ።
ከመጋቢት ጀምሮ።
የእሱን ብቻ፤ ማንበብ ስለማይችል።

አንድ መስመር ተርፎ ነበር።
ያለ "አቤቱ"፣ ያለ "ምንጬ"፣ እንዲህ ጻፍኩበት፦
"ሳህኑን ደገፍኩት። ሁለት ኪሎ። ሌላም ቀን አለ።"
እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው።

ጠዋት ደብተሬን ይዤ ወደ ዳር ወረድኩ።
ሎንሳሞ ከመረቡ አረም ይለቅማል።
አነበብኩለት፤ ከኋላውን፣ ከፊቱንም፤ አሥራ ሰባት ቀን።
ቀና አላለም። አረሙን ጨርሶ
በካራው ጫፍ የጀልባውን ከንፈር አሳየኝ፦
የተቆረጠ፣ የተቆረጠ፣ የተቆረጠ እንጨት።
ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት።

ስድስቱን እኔ ረስቻለሁ።
ወይ ደግሞ፣ አላውቅም፣ ስድስቱን ልቤ ደብቋል።

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"
"ሌላ የሚያበድር ማን ነበር?" አለ።
ይቅር አልኩሽ አላለም። እኔም አልጠየቅኩትም፤
እንባዬ ቀድሞ ይህችንም ጸሎት እንዳያሳምራት ፈራሁ።
ዓሣውን ተሸክሞ ከፊቴ እየሄደ፣
"ዛሬ ሚዛኑን እኔ ልያዘው" አለኝ ብቻ።

አዲስ ደብተር ገዛሁ። ሽፋኑ ቀይ ነው።
የመጀመሪያው ገጽ ይኸው፦
ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ሎንሳሞ መዘነ።
አሥራ ሁለት ኪሎ ተኩል።
እኔ እጄን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከትቼ
ቆሜ ነበር።