ቆመ

ሊዬዥ ነው፤ ኅዳር ነው፤ ቅዳሜ ማታ፤
ሜዝ ወንዝ ላይ ጉም ወርዷል፣ ሜዳው ግን ጫጫታ።
ቢጫ ሰደርያዬ ገና ያላደፈ፣
ኪሴ ውስጥ መመሪያ አራቴ የታጠፈ።
ሥራዬ ቀላል ነው፦ ከሁለተኛው ፎቅ፣
ከዊልቸሮች መደብ ስምንት ሰው መጠበቅ።

ሰባቱ አልመጡም፤ ካውቶብሱ መውጫ
ዝጎ አልዘረጋ አለ የብረት መወጣጫ።
ጊስሌን ብቻ መጣች፤ ከመስታወት ፋብሪካ
ሠላሳ አንድ ዓመት ብርጭቆ ስትለካ
የኖረች ሴትዮ፤ እስካፍንጫዋ በቀይ
ሻርፕ የተጠቀለለች፤ አፏ የማይታይ፣
ስድቧ ግን የሚሰማ።

ሠላሳ አራተኛው ደቂቃ። ከፊት ያለው ረድፍ ብድግ!
የኋላውም ብድግ!
‹ምን ሆነ?›
‹ጎል!›
‹እሱንማ ሰማሁ። ማን አገባ? በየት?›
እኔም ቆሜ ኖሯል፤ አፈርኩኝ በእውነት።
‹አሥራ አንድ ዓመት ጎል በጆሮዬ አየሁ፤
የሰው ካፖርት እንጂ መረብ መቼ ለየሁ?
ይኼ ባለ ቡኒው አዲስ ነው፤ አምና አልነበረውም።›

ካረፍን በኋላ ከድንች መጥበሻው ሱቅ
ጭስ ወጣ፤ ደወሉ ጆሮ የሚሰነጥቅ።
ድምፅ ማጉያው በፈረንሳይኛ፣ ደግሞ በፍላማንኛ
‹በደረጃው ውረዱ፣ በእርጋታ› ይላል። ለእኛ
ደረጃ ምናችን ነው?

ሕዝቡ ቆመ፤ ጎርፍ ሆኖ ቁልቁል ፈሰሰ።
አሳንሰሩም ቆመ፤ በሩ ቀይ ለበሰ።
‹እሳት ሲነሣ አሳንሰር አይጠቀሙ› ይላል፣
ሦስት ሳምንት ሙሉ በፊቱ ሳልፍ፣ ሳልመለስ፣
ያን ማታ ገና አነበብኩት።

መመሪያውን ዘረጋሁ፤ አራት እጥፋት።
ስለ ሰካራም፣ ስለ ርችት፣ ስለ ጠፋ ሕፃን፤
ስለ እሷ አንድ መስመር፦ ‹ከጎን ሆነው ይጠብቁ፤ ሰው ይላካል።›
ማን? በየት በኩል? መቼ?
ሬዲዮኔን ጠራሁ። ኮሽ ኮሽ። ከዚያ ዝም።

በሩ አናት ላይ ያ አረንጓዴ ሰውዬ
አንድ እግሩን አንሥቶ ይሮጣል። ‹ያ ጌትዬ፣›
አለች፣ ‹ሃያ ዓመት ሮጦ ከበሩ አልወጣም፤
እኔን ሊወስደኝ ግን አንድ ቀን አልመጣም።›

‹ላዝልሽና ልውረድ?›
‹ዊልቸሬስ? እግሬ እኮ ነው፤ እግሬን ጥዬ ወዴት ልውረድ?›

እንደ ወታደር እጄን አጣምሬ ከጎኗ ቆምኩ።
‹ተቀመጥ› አለች። ‹ቁም ነገር ላውራህ፤ ቆመህ አይገባህም።›
ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ፣ ከጎማዋ አጠገብ ተቀመጥኩ፤
ያኔ ታየኝ በእሷ ከፍታ፦ የመከላከያው ብረት
ልክ ጎሉ መሐል አርፏል፣ በረኛውን አንገቱ ላይ ቆርጦት።
‹ሰባት ደብዳቤ ጽፌያለሁ› አለች፤
‹ለስድስቱ አመስግነውኛል።›

ባዶ ወንበር፣ ባዶ ወንበር፣ አንድ የተጣለ ጓንት።
ኳሷ መሐል ሜዳ ብቻዋን፣ ጠፍታ እንደቀረች እንስት።
ጊስሌን ሻርፗን ከአፏ አወረደች፤
‹እንዲህ ነው እንጂ! ዛሬ ገና ሜዳ አየሁ› አለች።

ሃያ ስድስት ደቂቃ። ጭሱ የተቃጠለ ዘይት ኖሯል።
ደወሉም ቆመ። ሕዝቡ ተመለሰ፣
ገሚሱ ቢራውን ሳያፈስ። የት ነበራችሁ ያለን የለም።
የሚላከው ሰው፣ እኔ እስከማውቀው፣ አሁንም መንገድ ላይ ነው።

ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ፤ ብድግ! አሉ ደግሞ።
እኔ አልቆምኩም። ቡኒው ካፖርት፣ ግራጫው፣ ስፌቱ የተፈታው...
‹ምን ሆነ?› አልኳት።
‹ጎል።›
‹የማን?›
‹የእነሱ› አለች። ‹አታይም? ትከሻቸው ወደቀ።›