ሃያ ዘጠኝ ቀን

እኔ ማርሊስ ሃውገን፣ በብረት ማዕድኗ ከተማ፣ በትንሹ ሆስፒታል፣
ከሐኪም ፋይል ጋር ፀጉሬ አብሮ ሸብቷል።
የማን ፈቃድ አለፈ፣ የማን ፈቃድ ታደሰ፣
ማን ተከሰሰ፣ የማን ክስ ፈረሰ፣
ሁሉም በእጄ ያልፋል። አፌ ግን ቁልፍ ነው፤
"ሆድ ይፍጀው" እያልሁኝ፣ ሆዴን እርሱ ፈጀው።

ሐይቁ በረዶ ለብሶ መኪና ሲሄድበት፣
በየካቲት ማክሰኞ፣ ማታ አንድ ሰዓት፣
አምስት ሐኪሞች ገቡ፤ በሩ ተዘጋበት።
ነገሩ የቴስኬ፣ የባልንጀራቸው፣
በበጋ በጀልባ አብሮ አጥማጃቸው፤
ሦስት የሐሞት ቱቦ ያለቦታው ቆርጦ፣
ፋይሉ ከብስኩቱ ጎን ተቀምጧል ተገልጦ።

"ይታገድ" ተባለ። "ስንት ቀን?" አለ አንዱ።
ጠበቃው በስልክ፦ "ሠላሳን ካለፈ ይለያል መንገዱ፤
ሕጉ ግድ ይላችኋል፣ ለአገሪቱ መዝገብ ስሙን እንድትሰዱ።"
ሰብሳቢው ብሬኬ መነጽሩን ጠርጎ፣
ቀን ቆረጠ፦ "ሃያ ዘጠኝ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
"እከክልኝ ልከክልህ" ለካስ ጥፍር አይሻም፤
በቀን ይታከካል፣ ድምፁም አይሰማም።
እኔም ጻፍሁት፦ ሁለት፣ ከጎኑ ዘጠኝ።
ጣቴ አልተንቀጠቀጠም። ማንም አልገፋኝ።

ቴስኬ በረዶ በስቶ ዓሣ አጥምዶ፣ ፊቱ ጠይሞ መጣ፤
በሠላሳኛው ቀን ከሣጥኑ ጓንት አወጣ።
በዚያው ሳምንት ተኛች ቬርና ኒኤሚ፣
የቢጫው አውቶቡስ ሾፌር፣ የአርባ ልጅ አደራ ተሸካሚ።
አራተኛው ቱቦ።
እሱ ሐሞት ቆረጠ፣ እሷ ተስፋ ቆረጠች፤
ዓይኗ እንደ አውቶቡሷ ቢጫ ሆኖ፣ በሌሊት ሄሊኮፕተር ወጣች።
ሐሞቷ ፈሰሰ፤ ለአባባል አይደለም፤
ሐሞት ያጣነውስ እኛ ነን፣ እሷን አልጎደላትም።

ማክሰኞ ተሰብስበው አዲስ ምርመራ ከፈቱ፤
ረቡዕ ደብዳቤ ደረሰ፦ "ለቤተሰቤ ስል ለቅቄያለሁ" ይላል ከአናቱ።
ዳኮታ ሥራ አግኝቷል፤ ሻንጣው ተሸክፏል፤
በምርመራ መኻል የለቀቀ ግን፣ እንደ ታገደው ሁሉ በሕግ ይጻፋል።
ብሬኬ መጣ። ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤
የልጄን ጤና ጠየቀ፤ በረዶው፣ አለ፣ ዘንድሮ ቶሎ ቀለጠ።
"ማርሊስ፣ ማኅተሙ ያንቺ ነው። ሰኞ የደረሰ አድርጊው፤ ማን ያጣራል?
ይኼ የቤታችን ገበና ነው፤ ገበና በቤት ይቀራል።"

አንዲት ቀን።
ያችው የዚያን ማታዋ፣ ተመልሳ መጣች ልትጎድል፤
ዳኮታ ያለ፣ ፊቱን የማላውቀው ሰው ልትገድል።
የማኅተሙን ጎማ አዙሬ ረቡዕ ላይ አቆምሁ፤
ቆራጭ እሱ ብቻ ነው እንዴ? እኔም ቆረጥሁ።

ቅጹ አጭር ነው፦ ስም፣ የፈቃድ ቁጥር፣ ቀን፣ ምክንያት፤
ለቬርና ኒኤሚ ባዶ መስመር እንኳ የለበት።
ዳይሬክተሯ ፈረመች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ፤
ላክሁት። "ተቀብለናል" የሚል ቁጥር መለሱልኝ።
ከዚያ ወዲህ በምሳ ሰዓት ወንበሬ ግራና ቀኙ ባዶ ነው፤
ጨው አቀብይኝ የሚለኝም፣ የጽዳቱ ሰው ብቻ ነው።

"በቅን ልብ የጻፈን ሕጉ ይጠብቀዋል" ይለኛል ባሌ ኦርቪል፣ ሌሊት ስባንን፤
እውነቱን ነው። ከብሬኬ ይጠብቀኛል።
ከየካቲቷ ማርሊስ ግን ማን ይጠብቀን?
ጀግና አትበሉኝ፤ ጅብ ካለፈ የጮኸች ውሻ ነኝ፤
ያ ቃለ ጉባኤ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ሁለት፣ ከጎኑ ዘጠኝ።

ዛሬ ጠዋት ቢጫው አውቶቡስ በመስኮቴ ሥር አለፈ።
ሌላ ሰው ይነዳዋል።
ፌርማታው ላይ አንድ ልጅ ረስቶ፣ ትንሽ ሄዶ ነቃና፣
በጭቃው ላይ ቀስ እያለ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣
ልጁ ወደ ቆመበት ተመለሰ።