ሌላ ካለ ይጠቀስ

ቅጹ ከመምሪያ መጣ፣ አምስት ገጽ ሙሉ ሣጥን፣
«ዕቅድ»፣ «ክንውን»፣ «በመቶኛ»፣ ዓመታችንን ሊመጥን።
ሞላሁት፤ ቁጥር አይከብድም፣ ከመዝገብ ላይ ይቀዳል፤
ከታች ያለችው መስመር ግን፣ ብዕሬ እሷን ይፈራል፦
«ሌላ ካለ ይጠቀስ።»

ሌላማ አለ።

ሐምሌ ላይ የጦሳ ጉም በመስኮት ገብቶ ተቀመጠ
(ከአንባቢ አልደመርኩትም)። ጣራው ለማፍሰስ መረጠ
ልክ ከታሪክ መደርደሪያ አናት። ባልዲ ተይዞ ተሮጠ።
ታሪክ ወደ ልብ ወለድ ክፍል ለጊዜው ተዛወረ፤
እስከ ዛሬ እዚያው አለ፣ አንድም ሰው አላማረረ።

መስከረም ጠባና
ከሰኞ ገበያ፣ ከበርበሬ ተራ፣ ጦይባ ይማም መጣች።
ስትገባ የንባብ ክፍሉ በሙሉ አስነጠሰ።
«ማታ ማታ ፊደል ታስተምራላችሁ አሉ» አለች፣
«ልጄ ጅዳ ነው። በስልክ ይጽፍልኛል፣
ጎረቤቴ ታነብልኛለች፤
ግን እሱ ብዙ ይጽፋል፣ እሷ ትንሽ ታነባለች።»
የጎልማሶች ትምህርት፦ ዕቅድ ሠላሳ፣ ክንውን አሥራ አራት።
ጦይባ ከአሥራ አራቱ አንዷ ናት።
«በ»ን በበርበሬ፣ «ጨ»ን በጨው ለየች፤
«ጰ» ላይ ስትደርስ ግን
«ይኼን ደግሞ ማን ይገዛዋል?» አለች።

ኅዳር፣ መብራት በጠፋበት ሳምንት፣
ፈተና የደረሰባቸው ልጆች ሻማ ላይ ሲያፈጡ
ሸምሱ የባጃጁን ፊት ወደ መስኮታችን አዞረ፤
በየምሽቱ፣ እስከ ሦስት ሰዓት፣
ተሳፋሪ እየመለሰ ቆሞ ቀረ።
«የለጋሽ ድርጅት ስም» ይላል ቅጹ።
ሸምሱ ድርጅት አይደለም። የሰሌዳ ቁጥሩን ብጽፍስ?

ጥር፣ አባ ሙህዬ የሐረጎን ዳገት ወጡ ከኮምቦልቻ፣
በፌስታል ይዘው መጽሐፍ፣ ግማሹን፣ ግማሹን ብቻ።
በዚያ ክፉ ዓመት ከሄዱብን አንዱ ነው፣ ማኅተማችን አለበት፤
ሱቅ ውስጥ ቆሎ ሲጠቀለልበት አግኝተው ተጣሉለት።
«የቀረውን ሰው በልቶበታል» አሉኝ፣ ጥፋቱ የእሳቸው ይመስል።
ተመላሽ መጽሐፍ፦ ዜሮ ነጥብ አምስት።
ቅጹ ነጥብ አይቀበልም።

መጋቢት፣ ሮመዳንና ሁዳዴ አብረው ዋሉ።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከየጠረጴዛው አንገት ሁሉ ተደፋ፤
የቱ የየትኛው ጾም እንደሆን፣ በማንኮራፋት መለያው ጠፋ።
«የአገልግሎት ዓይነት፦ ማረፊያ» ብዬ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩት።

ግንቦት፣ የተረት ሰዓት፦ ሠላሳ አንድ ሕፃን፣ አንዲት ፍየል።
እስከ መጨረሻው የቆየችው ፍየሏ ናት።

ሰኔ። ጦይባ ስልኳን ይዛ ጥግ ላይ ተቀመጠች፣
ጣቷ መስታወቱ ላይ፣ ፊደል በፊደል፣ ቀስ እያለች።
አንድ ሰዓት ፈጀባት።
ልጇ ከጥቅምት ጀምሮ ታሞ ነበር፤
ሁለት ወር ሥራ ፈትቶ፣ ሰው ቤት ወድቆ ነበር፤
ሁሉንም ጽፎታል። ጎረቤቷ እየዘለለች ኖሯል
«ደህና ነኝ፣ አታስቢ» የምትለዋን ብቻ የምታነበው።
ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ።
ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ብዙ ቆየችና
«ለካ ደግ ናት» አለችኝ፣
«ዓመት ሙሉ ብቻዋን ተሸክማው።»
ይህንን ከየትኛው ሣጥን ልክተተው? በመቶኛ ስንት ይሆናል?

ሰኔ ሠላሳ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት፣ በር ሊዘጋ ሲል፣
ጦይባ ከትከሻዬ በላይ ጎንበስ ብላ
የቀረችውን መስመር አነበበች፦
«ሌ… ላ… ካ… ለ…»
ቆም አለች። «አለ እንጂ!» ብላ ተቆጣችኝ፣
የጠየቅኳት እኔ ይመስል።

ጻፍኩ፦ «አለ።»
ማኅተሙን መታሁበት። ትንሽ ተዛነፈ።