የሙሄ ፈረቃ

ጋሽ ሙሄ ይነሣል ሌሊት በዘጠኝ፣
ተከራዩ ነኝና ግድግዳው ነገረኝ።
ክርር ክርር ይላል የጓሮው መዘውር፣
ከብስክሌት ቸርኬ፣ በእጅ የሚዞር።

አሰብን ተሻግሮ፣ ጨው የላሳት ደሴት፣
ዛፍ የላት፣ ጥላ የላት፣ የሚጠጣ የላት፤
አንድ ነጭ ማማ፣ አናቱ መስታወት፣
ሆዱ ውስጥ ሰንሰለት፣ ጫፉ ላይ ክብደት።

ክብደቱ ሲወርድ መብራቱ ይዞራል፣
ወለል ሲነካ ግን መብራቱ ይቆማል፤
የቆመ መብራት ደግሞ
ለመርከበኛ ዐይን ኮከብ ይመስላል፣
ኮከብ ያመነ ሰው ዐለት ላይ ይወጣል።

ስለዚህ በየሦስት ሰዓቱ ሙሄ ተነሣ፣
መቶ ሃያ ዙር፣ ትከሻው እስኪሣሣ።
ሃያ ስድስት ዓመት።
አንድም ሳንቡክ አልተሰበረም፤
ምስጋናም አልመጣም፣
ላልሰመጠ መርከብ ደብዳቤ የለም።

ኋላ ወደብ ቀረ። በተሳቢ ጀርባ፣
በሐረጎ ጥምዝምዝ ሙሄ ደሴ ገባ።
ጡረታ ቢሮ ሄዶ ቅጽ አስሞላ፦
«የሥራ ቦታ?»
«ደሴት።»
ጸሐፊዋ ቀና አለች፣ ቀይ እስክሪብቶ አነሣች፣
«አባቴ፣ ፊደል በዝቷል» ብላ «ት»ን ሰረዘች።

እነሆ በመዝገብ፣ ማኅተም ያረፈበት፦
«ሙሄ አራጋው። ደሴ። መብራት ጠባቂ።
ሃያ ስድስት ዓመት።»

እሱም አልሞገተ።
«መንግሥት የጻፈውን ውሸት አላደርግም» አለ፣
ቸርኬውን ገዛ፣
ሐረጎ አናት ላይ ፋኖስ አንጠለጠለ።

ጎረቤት ይስቃል፦ «እዚህ ደግሞ ምን ባሕር?»
እኔም እስቅ ነበር፣
ኪራዬ ላይ የላምባ እስኪጨምር።

ትናንት ግን ጉም ወጣ፣ ከቦርከና ተነሥቶ፣
ሸዋ በርን ውጦ፣ ፒያሳን አጥፍቶ።
የመስጊዱ ጨረቃ አልቀረ፣ የቤተስኪያኑ ጉልላት አልቀረ፤
መብራት ኃይልም እንደ ልማዱ አጥፍቶ ነበረ።
በር ከፍቼ ብወጣ
ዙሪያው ነጭ ውኃ፣ ዳርቻ የሌለበት፤
ጸሐፊዋ የሰረዘቻትን ያቺን አንዲት «ት»
ጉሙ ተሸክሞ ደጃችን አኖራት።

ታች፣ ኩርባው ላይ፣ አንድ ተሳቢ ማርሽ ይቀይራል፣
ያስላል፤
ይቆማል፤
እንደገና ያስላል።
«ጋሽ ሙሄ» አልኩት፣ «ሰማህ? ያ ሾፌር እኮ...»

«ዝም በል» አለኝ።
እጁ መዘውሩ ላይ ቀረ።
«ሰባ ሁለት ነበር? ሰባ ሦስት?
አየህ፣ አሳሳትከኝ፤
በል ከአንድ እጀምራለሁ።»