የሳተርኒና ገመድ

ዛፍ በማይበቅልበት፣ በሲሎሊ ሜዳ፣
አንድ ድንጋይ ቆሟል፣ ዛፍ መስሎ ለእንግዳ፤
አናቱ ሰፊ ነው፣ ወገቡ ሰላላ፣
አሸዋ ክንፍ የለው፣ እግር እግሩን በላ።

በዙሪያው ሞልተዋል ቅርጽ ያላለቁ፣
ምንቃር፣ ጀልባ፣ ጡጫ፣ ስም የሚጠብቁ፤
ቱሪስት ስም ሲያወጣ፣ ፎቶ አንሥቶ ሲያበቃ፣
ነፋስ ስም አይሻም፤ ሲሞርድ አይል «በቃ»።

ሳተርኒና ኪስፔ፣ ነሐሴ ሲጠባ፣
በውርጭ መሐል አልፋ፣ አፏን ተከናንባ፣
የላማ ጠጉር ነው የገመዷ ፈትል፣
ድንጋዩን ትዞራለች ልብስ ሰፊ ይመስል።
ጫፉን ካምናው ቋጠሮ አምጥታ ስታስተያይ፣
ትርፍ አለ ዘንድሮም፣ ጭብጧ ውስጥ የሚታይ።
ትርፉ ምን ያህል ነው? የኪኑዋ ፍሬ ያህል።
ይህ ነው የነፋሱ የዓመት ሙሉ እህል።

ጂፕ ነጂው ኤሎይ ግን፣ የእህቷ ልጅ፣ ሳቀ፤
«ገመድሽ ነው፣ አክስቴ፣ ያረጀ፣ የለቀቀ።»

መልስ አልሰጠችውም። ፈትታ ከድንጋዩ፣
ታጠቀችው ራሷ፣ ፈረንጆች እያዩ።
ገመዱ ላይ ደግሞ ቀይ ክር ነበረ፣
የራሷ ምልክት፣ ለሰው ያልተነገረ፤
ሦስት ዙር ዞረና፣ አምና የቆመበት፣
ዘንድሮ ስንዝር ሙሉ ትርፍ ተገኘበት።

«ከሱ ይቆነጥራል፣ ከኔ ግን ይጎርሳል፤
እኔን ይጨርስና ለሱ ይመለሳል።»

ኤሎይ ሞተር አስነሣ። ወሬም አላወራ።
በበሩ ስንጥቅ አሸዋ ገባ፣
ከጉልበቱ በታች፣
ቁርጭምጭሚቱ ጋ።